«ስንት ካሬ?» ከማለታችሁ በፊት፦ በሰከንድ ላይፍ ለቤት የሚሆን ቦታ ንጽጽር

«ስንት ካሬ ነው?» ቦታ ስንገዛም ቤት ስንከራይም ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው ይህ ነው። ሰው በኮምፒውተር ገብቶ አቫታር በሚባል ምስሉ በሚንቀሳቀስበት ምናባዊ ዓለም፣ በሰከንድ ላይፍ ውስጥ መሬት ይዞ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ሲያማክረኝም በዚሁ ይጀምራል። አይፈረድበትም። እዚያም መሬት የሚለካው በካሬ ሜትር ነው። ግን ካሬው ብቻውን ሰው ያሳስታል። እኔን አሳስቶኛል።

መጀመሪያ የያዝኩት 512 ካሬ ነበር፤ 16 ሜትር በ32። ቤቱን ከመሬቱ ቀድሜ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። ጂ ፕላስ ዋን፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ፎቶው ላይ ልብ የሚሰርቅ። መሬቱ ላይ ስዘረጋው የውጭ ደረጃው ጎረቤት ግቢ ገባ። አዟዙሬ በግድ አስገባሁት። ሶፋ አስቀመጥኩ፣ አልጋ አስቀመጥኩ። ምንጣፍ ላነጥፍ ስል መሬቱ ሞልቷል የሚል መልእክት ብቅ አለ። ላይኛው ፎቅ ባዶውን ነው፤ መሬቱ ግን «ሞልቷል»።

የሞላው ካሬው አይደለም፤ ላንድ ኢምፓክት የሚሉት ነገር ነው። መሬቱ የሚሸከመው ጭነት በሉት። ከቤቱ እስከ ስኒው ድረስ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር አለው፤ መሬቱም የራሱ ጣሪያ አለው። በጥንቃቄ የተሠራ ወንበር 1 ብቻ ሊቆጥር ይችላል። ዝም ብሎ የተሠራ ዛፍ ደግሞ ብቻውን 20 ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የሚታየው፦ ቤቱ በወርድና በርዝመት ይገባል ወይ? ከገባስ በኋላ ለዕቃ ስንት ይተርፋል?

የሰከንድ ላይፍ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሊንደን ላብ ራሱ በሚያስተዳድረው ሜይንላንድ ላይ በተለመደው ስሌት 512 ካሬ 175 ይሸከማል። 1024 ካሬ 351፣ 2048 ካሬ 703፣ 4096 ካሬ ደግሞ 1,406። አሁን ቤታችሁ 120 ይቆጥራል እንበል። 512 ላይ ስታሳርፉት ለዕቃ የሚተርፋችሁ 55 ነው፤ ሳሎኑን ሳትጨርሱ ሊያልቅ ይችላል። 1024 ላይ ግን 231 ይተርፋል። ሳሎን፣ መኝታ፣ ወጥ ቤት፣ ሁለት ሦስት ዛፍም ሳትሳቀቁ ታስገባላችሁ። መሬቱ እጥፍ ሲሆን ትርፉ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

በስፋትም ቢሆን 512 ለመኖሪያ ቤት ይጠባል። እዚያ ዓለም ካሜራው ከአቫታራችሁ ጀርባ፣ ከፍ ብሎ ነው የሚከተላችሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደህና የሚባል 4 በ4 መኝታ ቤት እዚያ ቁም ሳጥን ይመስላል፤ ካሜራው ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ቤት ሠሪዎቹ ክፍሉንም ጣሪያውንም ከእውነተኛው ቤት አስፍተው ይሠራሉ። 24 በ18 ሜትር የሚይዝ ቤት ብዙ አይደለም። 16 ሜትር ወርድ ላይ ግን በምንም ተአምር አይገባም። 32 በ32 በሆነ 1024 ካሬ ላይ መሐል ብታስቀምጡት በሁለት ጎን 4 4፣ በሌሎቹ ሁለት ጎን 7 7 ሜትር ግቢ ይተርፋችኋል። ቅርጹን ግን አደራ። 1024 ተብሎ 16 በ64 የሆነ ቀጭን ቦታም ይሸጣል። ካሬው ያው ነው፣ ቤቱ አይገባም።

እንግዲህ 512ን ለትንሽ ሱቅ፣ ወይም ሰማይ ላይ ለሚሰቀል ስካይቦክስ ተዉት። እስከ 4,096 ሜትር ከፍታ ድረስ መገንባት ስለሚቻል መጥፎ ጎረቤት ያለው ሰው ቤቱን ወደ ላይ ይዞ ይሸሻል። ጭነቱ ግን ሰማይ ላይም ከዚያው ከመሬቱ ላይ ነው የሚቆጠረው። ለመኖሪያ 1024 ላይ ጀምሩ። 2048 ግቢ፣ የአትክልት ቦታና እንግዳ ማረፊያ ለሚያምረው ነው። 4096 ክበብ ወይም የሥዕል ማሳያ ካልከፈታችሁ ለአንድ ሰው ብዙ ነው።

ትልቁ ወጥመድ ኪራይ ላይ ነው። ከግለሰብ ስትከራዩ «4096 ካሬ፣ በርካሽ!» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። መጀመሪያ ቦታው ያለበት ሪጅን፣ ማለትም ቦታዎቹ የሚቆረሱበት ትልቁ የመሬት ክፍል፣ ሆምስቴድ የሚባለው ዓይነት መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ሆምስቴድ 65,536 ካሬ ስፋት አለው፤ ከሙሉ ሪጅን እኩል ነው። የሚሸከመው ግን በጠቅላላው 5,000 ብቻ ነው። በእኩል ስታካፍሉት 4096 ካሬ የሚደርሰው 312 ነው። ሜይንላንድ ላይ ካለው 1024 ካሬ ያነሰ! ሜዳና ባሕር ለሚወድ ሰው ሆምስቴድ ግሩም ነው፤ ሰፊ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ቤት በዕቃ ለሚሞላ ሰው ግን አይሆንም።

ራሳችሁ መገንባት ካልፈለጋችሁ ሌላ መንገድ አለ። ቤሊሴሪያ በሚባለው አካባቢ ካሉት ሊንደን ሆምስ በብዙዎቹ 1024 ካሬ ላይ ቤቱ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፤ ቤቱ ከጭነቱ ስለማይቆጠር 351ዱ በሙሉ ለዕቃ ነው። ጉዳቱ፣ ቤቱን አፍርሳችሁ የራሳችሁን መትከል አትችሉም።

ስለ ሌሎቹ ዓለማት የሚጠይቁኝም አሉ። ዲሴንትራላንድ ላይ አንድ ቦታ 16 በ16 ሜትር ነው። ሕንፃው 20 ሜትር ድረስ ይወጣል፤ ሁለት ቦታ ብታገናኙ ወደ 32 ሜትር ገደማ፣ አራት ብታገናኙ ወደ 46። መሬቱ እጥፍ ሲሆን ከፍታው እጥፍ አይሆንም፤ ፎቅ ለመቆለል ብላችሁ ቦታ አትግዙ። ዘ ሳንድቦክስ ላይ ደግሞ ትንሹ ቦታ 96 በ96 ሜትር ነው። ለጨዋታ የሚሆን ሜዳ ነው፤ አንድ ቤት ብታስቀምጡበት ስታዲየም መሐል የቆመ ኪዮስክ ይመስላል።

ክፍያውን ሳልነካ አላልፍም። ሜይንላንድ ላይ መሬቱን አንዴ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ እንደ ይዞታችሁ መጠን በየወሩ ትከፍላላችሁ። ፕሪሚየም አባል ከሆናችሁ እስከ 1024 ካሬ ድረስ ከአባልነቱ ሌላ የወር ክፍያ የለባችሁም። ከዚያ በላይ በእርከን ስለሆነ ትንሽ ካሬ ብታልፉ ወደሚቀጥለው እርከን ትገባላችሁ። ሒሳቡ በዶላር ነው። ደሞዙን በብር ለሚቀበል ሰው ከ1024 ላለማለፍ ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው። ዲሲ ያለ የአክስት ልጅ ካርዱን ካዋሰ ሌላ ነገር።

የእኔስ ቤት? አላፈረስኩትም። በአንድ ሪጅን ውስጥ ያሉ የአንድ ሰው ቦታዎች ጭነታቸው ተደምሮ ነው የሚቆጠረው፤ ጎን ለጎን መሆናቸው ግዴታ አይደለም። እዚያው ሪጅን ውስጥ ከቤቴ ራቅ ብሎ ማንም የማይፈልገው ገደላማ 512 ካሬ ነበር። እሱን በርካሽ ገዛሁት። እስከ ዛሬ ምንም አልተከልኩበትም። ምንጣፉ ግን ላይኛው ፎቅ ላይ ተነጥፏል።