ካኖን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8፦ «ዙም የለውም» የተባልኩት ሌንስ ጨለማ ውስጥ ያሳየኝ ነገር

ዙም የለውም። ይህን ሌንስ ልገዛ እዚህ ሀዋሳ ስጠይቅ ከየሱቁ የሰማሁት ይህንኑ ነው። «ለጉዞ አይሆንሽም፣ የስቱዲዮ ነው።» «ወደ ፊት ወደ ኋላ የማይል ሌንስ ምን ይሠራልሻል?» «ትንሽ ጨምሪና ከሩቅ የሚያቀርበውን ባለ 300 ሚሊሜትር ውሰጂ፣ ሐይቁ ላይ ወፍ ታነሺበታለሽ።» ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ሌንሱ ከካሜራዬ ላይ ወርዶ አያውቅም ማለት ይቻላል። አሁን ለእነዚያ ሻጮች መልስ አለኝ። መልሱ ግን ረዘም ይላል።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው። ካኖን ኢኤፍ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ይባላል። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ፣ 160 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ጃኬት ኪስ የሚገባ ሌንስ ነው። ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 125 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ከካኖን ሌንሶች ከርካሾቹ አንዱ ነው። እኔ የምጠቀመው ያገለገለ ካኖን 700ዲ ላይ ነው። የዚህ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) አነስ ያለ ስለሆነ 50 ሚሊሜትሩ የሚያሳየው ትልቅ ሴንሰር ላይ ባለ 80 ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ነው። ጠበብ ያለ፣ ለሰው ፊት የሚመች እይታ። ቀን በፀሐይ ጥርት አድርጎ ያነሳል፣ ቀለሙም ያምራል። ስለ ቀኑ ይህ ይበቃል፤ በፀሐይ ስልክም ጥሩ ያነሳል።

እኔ ያልጠበቅሁት ጨለማውን ነው።

እስቲ በአገራችን ስትጓዙ ልብ ብላችሁ እዩ። ልብ የሚነካው ነገር የሚሆነው መቼ ነው? ቡና የሚፈላው መጋረጃው የወረደ ቤት ውስጥ ነው። ዓሣው ከሐይቅ የሚወጣው ገና ሊነጋጋ ሲል ነው። ዋዜማ የሚቆመው ሌሊት ነው። ከእንሰት የሚሠራው ዋሳ የሚጋገረው ጭስ በሞላበት ማድቤት ነው። መናኸሪያ ላይ ሰው ተቃቅፎ የሚሰነባበተው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። እኔ ደግሞ የምወጣው ለዚህ ነው፤ ያላየሁትን ለማየት፣ ያልቀመስኩትን ለመቅመስ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ቁጭ ብዬ ለመጫወት። ካሜራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። ከካሜራው ጋር አብሮ በመጣው ባለ 18-55 ሌንስ ግን ለእነዚህ ሰዓቶች አንድም ደህና ፎቶ አልነበረኝም። ወይ ሁሉም ነገር ብዥ ይላል፣ ወይ ደግሞ ፍላሹ ቦግ ይልና ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ ጨዋታውም እዚያው ይቆማል።

ፍላሽ ጭስ ባለበት ቤት ጭራሽ አይሆንም። ዕጣን እየጨሰ ፍላሽ ስታበሩ ብርሃኑ ጭሱ ላይ ያርፍና ወደ ሌንሱ ይመለሳል። ፎቶው ላይ ነጭ ጉም ይወጣል፤ ቡና የምታፈላው ሴት ከጉሙ ወዲያ ትቀራለች። ያንኑ ጭስ ከመስኮት በሚገባው ብርሃን ብቻ ስታነሱት ግን ጨረሩ ጭሱን እየሰነጠቀ ሲወርድ ይታያል፣ ቤቱ ራሱ ይታያል፣ ቤት ውስጥ የነበራችሁበት ስሜት ሳይቀር ይታያል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ባለ 18-55ቱ ወደ 55 ሲሳብ ቢበዛ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው። ይሄኛው እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። ልዩነቱ ሲሰላ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። አሥር እጥፍ! የመጀመሪያው ሌንስ 1/10 ሰከንድ በሚፈልግበት ክፍል ሁለተኛው በ1/100 ሰከንድ ይጨርሳል ማለት ነው። በ1/10 ሰከንድ ቡና የምትቀዳው ሴት እጅ ተድበስብሶ ይወጣል። በ1/100 ከጀበናው አፍ የሚወርደው ቡና ራሱ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ሰማይ አድርሼ ፎቶውን በነጠብጣብ መሙላትም አላስፈለገኝም።

እዚህ ጋ ሻጩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ኤፍ 2.8 ዙምም እኮ አለ!» አለ፣ አዎ። የካኖን ባለ 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ትውልድ ከ800 ግራም በላይ ይመዝናል። ዋጋውን ጠይቁና ኑ። ያን ሁሉ ከፍላችሁም ይሄ ትንሹ ሌንስ የሚያስገባውን ብርሃን ግማሽ እንኳ አያስገባም። «ስልክ ላይ የሌሊት ሞድ አለ» የሚለኝም ይኖራል። የስልኩ የሌሊት ሞድ ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንስቶ ነው የሚያዋህደው። ለቆመ ሕንፃ ጥሩ ነው። ሰው ግን እየሳቀ፣ እየቆረሰ፣ እያጎረሰ ነው፤ ሕንፃ አይደለም።

ሌንሱን ከልቤ የወደድኩት የፊቼ ምሽት ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ በፈረንጆቹ 2015 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀኑን የሚቆርጡት ጨረቃንና ከዋክብትን የሚያነቡ አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እዚህ ሀዋሳ ጉዱማሌ ላይ የሚደረገውን ትልቁን በዓል ነው፤ እሱ በጠራራ ፀሐይ ስለሆነ ማንም ያነሳዋል። እኔን የጠሩኝ ይርጋለም አካባቢ ያሉ የጓደኛዬ ቤተሰቦች ናቸው፣ ለምሽቱ። ቤቱ ውስጥ ከእሳቱ ሌላ ብርሃን የለም። ቤተሰቡ ሻፌታውን፣ ማለትም የሸክላ ገበታውን፣ ከቧል። ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው ቡሪሳሜ ቀርቧል። ካሜራዬን አውጥቼ «እማማ፣ ባነሳ ይከፋዎታል?» አልኳቸው አያትየዋን። «መጀመሪያ ብዪ ልጄ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ» አሉኝ። በላሁ። ቅቤው እስከ ክርኔ ወረደ። ከዚያ አነሳሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ ቁጭ ካልኩበት ሳልነሳ። ከልጆቹ በቀር ማንም ዞሮ አላየኝም፤ አያትየዋ ትንሹን ልጅ ሲያጎርሱት የእሳቱ ብርሃን የሁለቱንም ግማሽ ፊት ይዞታል። ኋላ ላይ ስክሪኑ ላይ ሳሳያቸው ራሳቸውን ትንሽ አዩና ልጁን አቅርበው ብዙ አዩት። አሳትሜ ልኬላቸዋለሁ። ጠዋት ልጆቹ «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ቤት ለቤት ሲዞሩም አብሬያቸው ዞርኩ። አንድ ሻጭ ይህን ሌንስ የስቱዲዮ ነው ሲል ይህ ምሽት ነው ፊቴ የሚመጣው።

እዚሁ ከተማም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ክረምት ላይ ፍቅር ሐይቅ በኩል በቆሎ የሚጠብሱትን እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። ማታ ላይ የከሰሉ ፍም ከታች ፊታቸውን ያበራዋል፤ ሲያራግቡት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ሌንሱን ከፍታችሁ ማራገቢያው ከፍ ሲል ጠብቃችሁ መጫን ነው። ሀዋሳ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲነግሥ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ዋዜማው ላይ ጧፍ የያዘ ሰው ፊት በዚህ ሌንስ ምን እንደሚመስል በቃል አልነግራችሁም፣ ሄዳችሁ ሞክሩት። ሰውዬውን ግን አስቀድሙና ጠይቁ። ጸሎት ላይ ያለን ሰው መረበሽ ለየትኛውም ፎቶ አይገባም።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ደግሞ ማልዶ ነው መድረስ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባችሁ፣ ከከተማው በኩል ነው። እሷ እስክትወጣ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ጀልባዎቹ ይመጣሉ፣ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከመረቡ እየፈቱ ይጥሉታል፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ወረፋ እንደያዘ ሰው አጠገባቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ለ«ወፍ ታነሺበታለሽ» መልሴም እዚህ ነው። አባ ኮዳ ሜትር ተኩል ሊደርስ የሚችል ትልቅ ወፍ ነው፣ የዓሣ አጥንቱና ጭንቅላቱ ስለሚጣልለት ሰው አይፈራም፣ እናንተ ባትጠጉት እሱ ይጠጋችኋል። ባለ 300 ሌንስ ይዛችሁ ብትሄዱ ከዚያ ግዙፍ ወፍ ዓይኑን ብቻ ይዛችሁ ነው የምትመለሱት። ዓሣ አጥማጆቹም እንደዚያው ናቸው። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሜ ሳነሳ ያዩኛል፣ ያወሩኛል፣ ይጠይቁኛል። ጥሬ ዓሣ በዳጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከሩቅ ሆኜ በትልቅ ሌንስ ሰርቄ ባነሳ ኖሮ ማንም «ነይ ቅመሺ» አይለኝም ነበር።

ዲላ መንገድ ወርጄ ጌዴኦም ይዤው ገብቻለሁ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በፈረንጆቹ 2023 ዩኔስኮ የመዘገበው ነው። ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ከላይ፣ እንሰት ከመሃል፣ ቡና ከሥር። እኩለ ቀን ላይ እንኳ ቅጠሉ ፀሐዩን ስለሚይዘው ውስጡ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። እዚያ ጥላ ውስጥ ቀይ ቡና የሚለቅሙ እጆችን ሳነሳ ቡናው ብቻ ጠርቶ ሌላው ሁሉ ከበስተኋላ ለስላሳ አረንጓዴ ይሆናል።

አጠቃቀም ላይ ጥቂት ነገር ልበል፣ ይሄን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። ካሜራውን አረንጓዴው ኦቶ ላይ አታድርጉት፤ ጨለማ ሲያይ ፍላሹን ራሱ ያነሳዋል። መምረጫውን ኤቪ (Av) የሚለው ላይ አድርጉና ቀዳዳውን እናንተ ወስኑ። ፎከስ ስታደርጉ የመሃለኛዋን ነጥብ ተጠቀሙ፤ 700ዲ ላይ ይህች ነጥብ ኤፍ 2.8ና ከዚያ የሰፋ ሌንስ ሲገጠምላት ትክክለኛነቷ ይጨምራል፣ ማታ ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። ለሰው ፊት ደግሞ ሁልጊዜ እስከ 1.8 አትክፈቱት። አንድ ሜትር ርቀት ላይ በ1.8 ጠርቶ የሚወጣው ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ብቻ ነው። ሰውዬው ትንሽ ዘወር ካለ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። እኔ 2.2 ወይም 2.8 ላይ አደርገዋለሁ፣ ብርሃኑ ፈጽሞ እምቢ ሲል ብቻ ወደ 1.8 እወርዳለሁ።

ጉድለት የለውም አልልም። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ሲስተም የለውም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ ሲነካ ሁሉንም ሰው ማስገባት አይቻልም፤ ለእሱ ስልኬን አወጣለሁ። ሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ቆርኬ ለማየት ስሄድ ደግሞ እንስሳቱ ሜዳው ላይ በጣም ርቀው ስለሚቆሙ ፎቶው ላይ ነጥብ ነው የሚሆኑት። እዚያስ ባለ 300ው ልክ ነው፣ ይህን ለሻጩ እሰጠዋለሁ። እኔ ግን ሰንቀሌ ላይ ካሜራዬን ቦርሳ ከትቼ በዓይኔ አየኋቸው፣ አንድም የቀረብኝ ነገር አልተሰማኝም። አቧራና ዝናብ የሚከላከል ነገርም የለውም፤ ቢያንስ የፊቱን መስታወት እንዲጠብቅለት ባለ 49 ሚሊሜትር ማጣሪያ መስታወት ግጠሙለት።

«ለውጪልኝ፣ ጨምሬ ዙም ልስጥሽ» ያለኝ ነበር። አልለውጥም። ሌላ ሌንስ ብጨምር እንኳ ይሄ አይሸጥም።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ፎከስ ሲያደርግ የፊቱ በርሜል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ እዚያ ላይ ይይዛል ወይም ይንገጫገጫል፣ ቅርብና ሩቅ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩት። ትንሽ ድምፅ ማሰማቱ የተለመደ ነው። ቀለበቱን በእጅ ስታዞሩ ካሜራው በርቶ መሆን አለበት፣ ጠፍቶ ከሆነ ምንም አይሠራም፣ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት። በ1.8 ጽሑፍ ያለበት ነገር አንስታችሁ ስክሪኑ ላይ አጉሉትና እዩ። መስታወቱን በስልክ መብራት አሻግራችሁ ተመልከቱ፣ ውስጡ የሻጋታ ክር ካለ ተዉት። ሻጩ ይህን ሁሉ እንድትሞክሩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።