ፋሚሊሰርች፦ የፓስተር ልጅና የገበሬ ሚስት የነበረችን ሴት ታሪክ ለሚፈልግ

በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ገጠር የኖረች ሴት መዝገብ ላይ የምትገኘው በወንድ ስም ተጠግታ ነው፤ መጀመሪያ የአባቷ ልጅ፣ ኋላ የባሏ ሚስት ተብላ። አባቷ ፓስተር ከሆነ ፍለጋው ይብሳል። የሜቶዲስት ሰባኪዎች በየአንድና ሁለት ዓመቱ ምድባቸው ስለሚቀየር ወንድምና እህት በተለያየ ግዛት ይወለዱ ነበር። ለዚህ ሥራ ከነጻዎቹ የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጾች ፋሚሊሰርችን የሚያክል የለም፤ አያያዙን ለማያውቅ ግን ያሳስታል።

ባለቤቱ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አካውንት መክፈት ይበቃል፤ ክፍያም አባልነትም አይጠየቅም።

ፍለጋውን በሙሉ ስሟ አትጀምሩ። የአያት ስሟን ባዶ ትታችሁ የመጠሪያ ስሟን፣ የባሏን ስምና የትውልድ ዓመቷን ሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ አድርጋችሁ አስገቡ። የትውልድ ቦታ አትጨምሩ። መዝገቡን የገለበጡት ሰዎች የእጅ ጽሑፉን አሳስተው ሊያነቡት ስለሚችሉ በሚያጠራጥረው ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት፣ በተቀረው ምትክ ኮከብ አድርጉ። የጋብቻ መዝገቡ ሲገኝ ያጋባውን ሰው ስም ሳታዩ አትለፉ፤ የሙሽራዋን የአያት ስም ከያዘ ምናልባት አባቷ ራሱ ነው።

ከሕዝብ ቆጠራዎቹ ሁሉ ለእናቶች የሚበልጠው የ1900ው ነው። የተወለደችበትን ወርና ዓመት፣ በትዳር የቆየችበትን ዘመን፣ ስንት እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። 7 እና 4 ተብሎ ከተጻፈ ሦስት ልጅ ቀብራለች። ሦስቱም ከ1880 በኋላ ተወልደው ከ1900 በፊት ከሞቱ በፌዴራል ቆጠራ ስማቸው አይገኝም፤ የመሃሉ የ1890 ቆጠራ በ1921 ዋሽንግተን በደረሰ ቃጠሎ ክፉኛ ተጎድቶ፣ የተረፈውም አብዛኛው ኋላ ተወግዷል። ባሏ ያረሰው ካንሳስ ወይም አዮዋ ከሆነ ክፍተቱን የ1885ና የ1895 የግዛት ቆጠራዎች ይሞሉታል።

ሥራዋን በተመለከተ የ1880ው ቆጠራ «ቤት ትጠብቃለች» ብሎ ያልፋታል። ከ1850 እስከ 1880 ከሕዝብ ቆጠራው ጎን የተካሄደውን የእርሻ ቆጠራ ግን ተመልከቱ። በባሏ ስም ሥር በዓመት የተናጠው ቅቤ በፓውንድ ተመዝግቧል፤ በ1880ው ደግሞ ዶሮና እንቁላልም አለ። ቅቤውን የምትንጠው፣ ዶሮውን የምታረባው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ስለነበረች፣ የድካሟ ልክ በቁጥር የሚታየው እዚያ ነው። ምርታቸው አነስተኛ የነበሩ እርሻዎች ግን አልተመዘገቡም።

የድረ ገጹ ትልቁ ሀብት የእጅ ጽሑፍን በማሽን የሚያነበው የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ነው። የባሏን ስም በትምህርተ ጥቅስ ከትቶ ካውንቲውን (በግዛቱ ውስጥ ያለውን አውራጃ) መምረጥ የመሬት ሽያጭ ውሎችን ያወጣል። ሚስት በባሏ መሬት ላይ የመበለትነት መብት (ባሏ ቢሞት ከመሬቱ ድርሻ የማግኘት መብት) ስለነበራት በብዙ ግዛቶች እሷም ትፈርም ነበር፤ ዳኛው ባሏ በሌለበት ጠይቋት በፈቃዷ መፈረሟን ጽፎ ያረጋግጣል። የአባቷ ኑዛዜ ከተገኘም ያገባችውን ልጅ በባሏ ስም ስለሚጠራት የሁለቱን ቤተሰብ ትስስር በአንድ ገጽ ያስረዳል።

አሟሟቷን በተመለከተ፣ ከ1850 እስከ 1880 የተካሄዱት አራት ቆጠራዎች ከጁን 1 በፊት በነበሩት 12 ወራት የሞቱትን ከነምክንያቱ በተለየ ቅጽ ይዘዋል። በወሊድ የሞተች ወጣት ሚስት እዚያ ልትገኝ ትችላለች። የሞት የምስክር ወረቀት በየግዛቱ በተለያየ ጊዜ ነው የተጀመረው። ሲገኝም ሁለት እጅ እንዳለበት አስቡ፦ የሞቱን ምክንያት የሚሞላው ሐኪሙ ነው፤ የወላጆቿን ስም የሚናገረው ግን ያዘነ ባል ወይም አያቱን አይቶ የማያውቅ ልጅ ነው። የእናቷ የአያት ስም የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ድክመቱ የጋራው የዘር ሐረግ ነው። ማንም ገብቶ ስለሚቀይረው ስማቸው የተመሳሰለ ሁለት ሴቶች አንድ ተደርገው ይገኛሉ። ምንጭ ያልተያያዘበትን አትመኑ፤ ስህተቱን ካረጋገጣችሁ ከለውጥ ታሪኩ ገብታችሁ ውህደቱን መቀልበስ ይቻላል። ሌላው የሚያናድደው፣ የካሜራና የቁልፍ ምልክት ያለባቸው ምስሎች ከቤት አይከፈቱም። ለእነሱ የድርጅቱ ማዕከል ወይም አጋር ቤተ መጻሕፍት መሄድ ግድ ስለሆነ፣ ከመውጣታችሁ በፊት መዝገቡ የተቀረጸበትን ፊልምና የምስሉን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ።