ከአዳማ ወደ ካናዳ የቤት ዕቃችንን የላከልን ድርጅት

አዳማ ለሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርብ እንደመሆኗ፣ የቤት ዕቃውን በባሕር ወደ ውጭ አገር መላክ የፈለገ የከተማዋ ነዋሪ አስተላላፊ ፍለጋ የግድ አዲስ አበባ መመላለስ አይጠበቅበትም። ቤተሰባችን ወደ ካናዳ ሲዛወር የተጠቀምንበት ድርጅት ቢሮው እዚያው አዳማ ነው። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ነገር ስላለ፣ ስሙን ሳላነሣ ሥራውን ብቻ እገመግማለሁ።

ከሁሉ በፊት ሊመሰገን የሚገባው የዕቃ ዝርዝር አያያዙ ነው። ሠራተኞቹ «የወጥ ቤት ዕቃ» ብለው በጅምላ ከመጻፍ ይልቅ በየካርቶኑ ላይ ቁጥር ለጥፈው በውስጡ ያለውን አንድ በአንድ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ሞዴሉንና የመለያ ቁጥሩን ጭምር በእንግሊዝኛ መዘገቡ። እናቴ ሥራው ተንዛዛ ብላ ነበር፤ ጥቅሙ የታየው ግን ካናዳ ስንደርስ ነው። ለመኖር የሚገባ ሰው ይዞት የመጣውን ብቻ ሳይሆን በኋላ የሚደርስለትንም ዕቃ በገባበት ቀን ለጉምሩክ በዝርዝር ማሳወቅ አለበት፤ ያን ዕለት ያልተመዘገበ ዕቃ በኋላ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። እኛ ያቀረብነው የአዳማዎቹን ዝርዝር ነው፤ ዕቃው ሲደርስም ያለ ቀረጥ ተለቀቀልን።

አስተሻሸጋቸውም የሚያስመሰግን ነው። ሲኒዎቹን ለየብቻ በወረቀት ጠቀለሉ፤ የጀበናውን አንገትና እጀታ በስፖንጅ ደግፈው በካርቶን ላይ ካርቶን ደረቡለት፤ የመሶቡን ክዳን ለይተው አሸጉ። አንድም አልተሰበረም። ለመስተዋቱ የተሠራው የእንጨት ሣጥን ሳይቀር በሙቀት መታከሙን የሚያሳይ ማኅተም ነበረው፤ ዓለም አቀፉ ደንብ ለማሸጊያ የሚውል ጥሬ እንጨት በሙቀት ሲታከም እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ያዝዛልና።

ወቀሳዬ በዋጋው ላይ ነው። 20 ጫማ ኮንቴይነር ወደ 33 ሜትር ኪዩብ ስለሚይዝ የእኛ ቤት ዕቃ አይሞላውም፤ ስለዚህ ከሌሎች ሰዎች ጭነት ጋር በጋራ ኮንቴይነር ላክን፣ ሒሳቡም በሜትር ኪዩብ ተሰላ። የተነገረን ዋጋ እስከ መድረሻው ወደብ ብቻ መሆኑን ግን ማንም በግልጽ አላስረዳንም። ዕቃው ከደረሰ በኋላ የማራገፊያ፣ ከጋራው ጭነት የመለያ፣ የመጋዘንና እስከ ቤታችን የማጓጓዣ ክፍያ ሌላ ወኪል ጠየቀን፤ ገና ሥራ ያልጀመረ፣ የቤት ኪራይ ቅድሚያ የከፈለ ቤተሰብ ደግሞ እንዲህ ያለውን ወጪ በዚያ ሰዓት መሸከም ይከብደዋል። ወደዚህ ድርጅት የሚሄድ ሰው ዋጋው ከየት እስከ የት እንደሆነና በመድረሻው ማን ምን እንደሚያስከፍል በጽሑፍ ሳይቀበል እንዳይፈርም አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ መዘግየቱ ብዙ አልወቅሳቸውም፤ የጋራ ኮንቴይነር እስኪሞላ መጠበቅ ያለ ነው። ብርድ ልብስና ጥቂት የማብሰያ ዕቃ በአውሮፕላን ይዞ መሄድ ግን ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ምጣዳችንን ሲያሽጉም ሊመክሩን ይገባ ነበር። የእኛ አገር ምጣድ የሚሠራው በ220 ቮልት ነው፤ በካናዳ ቤቶች ተራው ሶኬት የሚሰጠው 120 ቮልት ስለሆነ እንጀራ ለመጋገር የሚበቃ ሙቀት አያወጣም። በሜትር ኪዩብ ለሚከፍል ሰው ያ ቦታ ለመጻሕፍት ወይም ለአልባሳት ቢውል ይሻላል።