ሬካሮ ስፒድ በጎልፍ 4 ላይ፦ ከወራት በኋላ ስለ ወንበሩና ስለ ኤርባግ መብራቱ

የሬካሮ ስፒድ የስፖርት ወንበር ቮልስዋገን ጎልፍ 4 መኪና ላይ ከገባ ወራት አልፈዋል፤ የጀርመንን በረዶም ሙቀትም አይቷል። ስለ ወንበሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ወገብን ደግፎ ይይዛል፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሰውነት ወዲያና ወዲህ አይልም፣ ረጅም ጉዞ ላይ ጀርባ አያደክምም። ቀድሞ የሚያረጀው በበሩ በኩል ያለው የጎን ትራስ ነው፤ በወጡና በገቡ ቁጥር ይፈተጋል። ይህን ወንበር ሊገዛ ያሰበ ሰው ይበልጥ ማወቅ ያለበት ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን የኤርባግ ማስጠንቀቂያ መብራት ጉዳይ ነው።

የፋብሪካው ወንበር በጀርባው ጎን ኤርባግ አለው፤ ይሄኛው የለውም። የኤርባጉ ኮምፒውተር ቁልፍ ሲከፈት የእያንዳንዱን ኤርባግ ማቀጣጠያ በጣም ትንሽ በሆነ ኮረንቲ ይፈትሻል። የማቀጣጠያው ሬዚስታንስ (ኮረንቲን የመቋቋም መጠን) 2 ኦህም ገደማ ነው። ወንበሩ ሥር ያለው ቢጫ የኤርባግ ሶኬት ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሽቦው እንደተበጠሰ ይቆጥራል፤ ለሾፌሩ ጎን 01217፣ ለተሳፋሪው ጎን 01218 የሚል ኮድ መዝግቦ መብራቱን ያበራል። ከዚያ በኋላ የድሮው ወንበር ቢመለስም ኮዱ በስካነር እስኪሰረዝ ድረስ መብራቱ አይጠፋም። መብራቱ እየበራ መንዳት ደግሞ ከጎን ኤርባጉ በላይ ሊያሳጣ ይችላል፤ ብዙ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ስህተት ሲያገኝ የመሪው ኤርባግና በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚያጠብቀው ወጣሪም ላይሠሩ ይችላሉ።

ለዚህ የሚሸጠው መፍትሔ ቢጫ ሶኬት ላይ የታሰረ ሬዚስተር፣ ማለትም በማቀጣጠያው ቦታ ገብቶ ኮረንቲን የሚቋቋም ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ኦህም ያለው ለዚህ መኪና ይበቃል። ኮረንቲው ትንሽ ስለሆነ ሩብ ዋት እንኳ አይሞቅም፤ ግማሽ ዋቱ የሚመረጠው እግሩ ወፍራምና ቶሎ የማይሰበር ስለሆነ ነው። በቴስተር ስትለኩት መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አገናኙ። ገመዱ ራሱ 0.3 ኦህም ቢያሳይ ያንን ቀንሱ፤ በ2 ኦህም ላይ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ቴስተሩን ወንበሩ ውስጥ ባለው ኤርባግ ላይ ግን ፈጽሞ አታስጠጉ። የቴስተሩ ኮረንቲ ራሱ ሊያፈነዳው ይችላል።

አገጣጠሙ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። የሬዲዮውን ኮድ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ባትሪው ሲነቀል ይጠይቃል። ቁልፉን ዝጉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ቢጫውን ሶኬት ከመንካት በፊት የመኪናውን ባዶ ብረት ንኩ፤ ሰውነት ላይ ያለው ስታቲክ ኮረንቲ ለኤርባግ አደጋ ነው። የሀዲዱን ፕላስቲክ ሽፋኖችና የፊቱን ቡሎን ካወጣችሁ በኋላ ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይወጣል። የቀበቶው መቆለፊያ ከወንበሩ ጋር አብሮ ስለሚወጣ አዲሱ ኮንሶል (ወንበሩን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ብረት) ላይ በተሠራለት ቦታ መታሰር አለበት። እዚህ ላይ ከሱቅ በተገዛ ተራ ቡሎን አትብቃቁ፤ በግጭት ጊዜ የሰውየውን ክብደት የሚይዘው እሱ ነው። ሬዚስተሩን የመኪናው ቢጫ ሶኬት ላይ ሰኩ፤ ባትሪው ሲመለስ መኪናው ውስጥ ማንም አይቀመጥ። ከዚያ በቪሲዲኤስ ወይም ተመሳሳይ ስካነር አድራሻ 15 (የኤርባጉ ኮምፒውተር) ገብታችሁ ኮዱን ሰርዙ። ሬዚስተሩ ሳይገባ ቁልፍ ካልተከፈተ መጀመሪያውኑ ኮድ አይመዘገብም።

ይህ ሁሉ በትክክል ተሠርቶ መብራቱ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። ኮዱን ስታነቡት «ሬዚስታንስ በጣም ከፍተኛ፣ አልፎ አልፎ የሚከሰት» ይላል። ሬዚስተሩን በሌላ መቀየር አይጠቅምም። ጥፋቱ የሶኬቱ ነው። ጎልፍ 4 በፋብሪካ ወንበሩም ቢሆን በዚህ ሶኬት የታወቀ ነው፦ ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ ሽቦውን ይጎትተዋል፣ ጫማ ይዞት የሚገባው ጨውና ውሃ ፒኑን ያዝገዋል፣ የግማሽ ኦህም ጭማሪ ኮምፒውተሩን ለማስደንገጥ ሊበቃ ይችላል። ሬዚስተር ያለው ሰው ግን አንድ ጥቅም አለው። ሬዚስተሩ ከወንበሩ ጋር መንቀሳቀስ አያስፈልገውም። ስለዚህ ወንበሩ ላይ መታሰሩ ይቅርና ሶኬቱ ከነሬዚስተሩ ምንጣፉ ሥር፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ፣ ከወለሉ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ይያዝ። እዚህ መኪና ላይ እንዲህ ከታሰረ ወዲህ መብራቱ አልተመለሰም።

ኮዱ በተቃራኒው «ሬዚስታንስ በጣም ዝቅተኛ» ካለ ሌላ ነገር ፈልጉ። በአንዳንድ የኤርባግ ሶኬቶች ውስጥ ሲነቀሉ ሁለቱን ፒኖች የሚያገናኝ ትንሽ የብረት ምላስ አለ። ርካሽ ሶኬት ጠልቆ ካልገባ ምላሱን አያነሳውም፤ ኮረንቲው በምላሱ በኩል ስለሚያልፍ ሬዚስተሩ እንደሌለ ይሆናል። ቢጫውን ሶኬት ቆርጦ ሬዚስተሩን በቀጥታ በስታኞ መበየድ ግንኙነቱን አስተማማኝ ያደርገዋል፤ ሆኖም መኪናው ሲሸጥ የፋብሪካው ወንበር መመለሻ ስለሚያጣ እኔ አልመክረውም።

ሬዚስተር መብራት ያጠፋል እንጂ ደረትንና ዳሌን አይጠብቅም። ከጎን የሚመጣ ግጭት ላይ በሩና ሰውየው መካከል የነበረው ትራስ የለም። ይህን መቀበል የማይፈልግ ሰው የጎን ኤርባግ ያለውን የሬካሮ ስፖርትስተር ሲኤስ ዓይነት ይመልከት፤ ዋጋው ይከብዳል፣ ገንዘቡ ግን የት እንደገባ ይታወቃል።

አሜሪካ ላላችሁ ጉዳዩ ይከፋል። ከ2006 እ.ኤ.አ. መስከረም ጀምሮ የተሠሩ መኪኖች በተሳፋሪው ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ አውቀው ኤርባጉን የሚያስተካክሉ መሆን አለባቸው፤ አብዛኞቹም ይህን የሚያደርጉት ወንበሩ ውስጥ ባለ የክብደት መለኪያ ነው። እሱን በሬዚስተር ማታለል ልጅ ሲቀመጥ ኤርባጉ እንዲፈነዳ፣ ወይም አዋቂ ሲቀመጥ እንዳይፈነዳ ሊያደርግ ይችላል። የተሳፋሪውን ወንበር እንዳለ ተዉትና የሾፌሩን ብቻ ቀይሩ።

ጀርመን ውስጥ ወንበሩም ኮንሶሉም ለዚያ መኪና የተጻፈ ወረቀት ሊኖራቸው ይገባል፤ ወረቀቱ ስለ ጎን ኤርባጉ የሚለውን ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ፣ ምርመራ የሚጠይቅ ከሆነም የመኪና መርማሪው ቲዩፍ ዘንድ ውሰዱት። ያለ ፈቃድ የተቀየረ ወንበር የመኪናውን የመንገድ ፈቃድ ያሳጣል። የወጣውን ወንበር ደግሞ ኤርባጉ ያለበትን ጎን ከምንም ነገር ጋር ሳታስጠጉ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። በውስጡ ፈንጂ ስላለ በተራ ፖስታ አይላክም፣ ቆሻሻ ላይም አይጣልም፤ የማትፈልጉት ከሆነ የኤርባግ አወጋገድ የሚያውቅ የተፈቀደለት የመኪና ማፍረሻ ይረከባችኋል።