ለቤት ግድግዳ አንድ ቀለም በደማቅና በፈዛዛ ወይስ ሁለት ተቃራኒ ቀለሞች?

ቀላሉ የመጀመሪያው ነው። ሰማያዊ ከመረጡ፣ ደማቁን ለአንድ ግድግዳ፣ ፈዛዛውን ለተቀረው። ብዙም አያሳስትም። ግን ነጭ እየጨመሩ ራስዎ ካፈዘዙት መጠኑን ይጻፉ። አለዚያ ግድግዳው ሲጫር ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት ዘበት ነው።

ተቃራኒዎቹ፣ ለምሳሌ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን አንዱ ሌላውን ያጎላል። እኩል ከተካፈሉ ዓይን ያደክማሉ። ለብርቱካናማው ከክፍሉ 10 በመቶ ገደማ ይበቃዋል፤ በር ወይም የመደርደሪያ ጀርባ በሉት።

የቀለም ወጪው ብዙም አይራራቅም፤ የሚለየው ልፋቱ ነው። ተቃራኒዎቹ ሲገናኙ ትንሽ መዛነፍ እንኳ ያስታውቃል። መገናኛው ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ ቀለሙ ድርቅ ሳይል ይንቀሉት፣ አለዚያ ጠርዙን ልጦት ይመጣል።

የቤት ዕቃው ራሱ ዥጉርጉር ከሆነ አንዱ ቀለም ይሻላል። ባዶ ባዶ ለሚል ሰፊ ሳሎን ተቃራኒዎቹ ነፍስ ይዘሩበታል።