አምስት ቁራጭ እንጨት፣ አንድ አንገት

ዘንድሮ አገር ቤት የሄድኩት ዘመድ ለመጠየቅ ብቻ አልነበረም። ለኤሌክትሪክ ጊታሬ አዲስ አንገት ላሠራ ነበር። የጊታሩን ገላ በሻንጣ ይዤው ሄድኩ፤ አልደር ከሚባለው ቀለል ያለ እንጨት የተሠራ ነው። በቆየሁባቸው ስድስት ሳምንታት ጉዳዬ ከሦስት ሰዎች ጋር ነበር፦ ከእንጨት ሻጭ፣ ከጊታር ሠሪ፣ በመጨረሻም ከዕቃ ላኪ። ዕቃ ላኪው ሥራውን ሠርቷል፣ ሣጥኑም ሳይጎዳ ደርሷል። ስለ ሁለቱ ግን የምለው አለኝ።

ስነሣ በኪሴ ዝርዝር ነበረኝ። አንገቱ ጎን ለጎን ከተጣበቁ አምስት ቁራጭ ከባድ እንጨቶች እንዲሠራ፦ ዌንጌ፣ ቡቢንጋ፣ ዌንጌ፣ ቡቢንጋ፣ ዌንጌ፤ ጣቶች ክሩን የሚጫኑበት የጣት ሰሌዳ ደግሞ መጻሕፍቱ ዞጲ የሚሉት ኢቦኒ። ከጎኑ ዌንጌው ድምፁን እንደሚያጠቁረው፣ ቡቢንጋው እንደሚያሞቀው ጽፌያለሁ። ዝርዝሩን ያወጣሁት ሌሊት ፎቶግራፍ እያየሁ መሆኑን አልደብቅም። ጊታር ሠሪው አዛውንት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አነበቡና፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ቀለም ነው። አንገቱ የታለ?» አሉኝ።

ከዚያ ክርክር ውስጥ አልገቡም። ከጥግ ሦስት ቀጫጭን ዘንጎች አወጡ፤ አንዱ ሜፕል፣ አንዱ ማሆጋኒ፣ አንዱ ዌንጌ። ሦስቱም 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረት እንዲኖራቸው እኩል ተላግተዋል። ሁለት ጡብ በግማሽ ሜትር ርቀት አስቀመጡ፣ ዘንጉን እንደ ድልድይ አጋደሙበት፣ መካከሉ ላይ አንድ ኪሎ የሚመዝን ብረት ሰቀሉ። ማስመሪያውን እኔ እንድይዝ አደረጉ። ማሆጋኒው ሰባት ሚሊሜትር ጎበጠ። ሜፕሉ ስድስት እንኳ አልሞላም። ዌንጌው አራት ላይ ቆመ። ብረቱ ሲነሣ ሦስቱም ቀጥ ብለው ተመለሱ።

ዝርዝሬ አሸነፈ ብዬ ፈገግ ማለቴን አይተው መሆን አለበት፣ ወዲያው ሌላ ስሌት አመጡ። የአንድ ዘንግ ግትርነት በውፍረቱ ኩብ ልክ ይጨምራል። የአንገቱን ውፍረት ከ20 ወደ 22 ሚሊሜትር ብናሳድገው ግትርነቱ በሦስተኛ ያህል ያድጋል ማለት ነው። እንግዲያው 22 ሚሊሜትር የሆነ የማሆጋኒ አንገት 20 ሚሊሜትር ከሆነ የሜፕል አንገት ይልቅ ይገትራል። ባሕር ማዶ በእንጨት ስም ስንከራከር የምናመሽ ሰዎች ይህችን ሁለት ሚሊሜትር ረስተናት ኖረናል። እጅህን አምጣ አሉኝ፣ አሮጌ አንገት አስያዙኝ፣ አውራ ጣቴ የት እንደሚያርፍ አዩ፤ ከእንጨቱ ስም በፊት ውፍረቱ ተወሰነ።

ቀጥሎ ሚዛን መጣ። ለአንገት የሚሆን ያልተቀረጸ ግንድ 60 ሚሊሜትር ስፋት፣ 25 ውፍረት፣ 700 ርዝመት ቢኖረው፣ ከዌንጌ ሲሆን ወደ 910 ግራም ይመዝናል፣ ከጠንካራው ሜፕል ወደ 740፣ ከማሆጋኒ ወደ 620። ከዚህ ብዙው ተላግቶ ሰጋቱራ ይሆናል፤ የሚቀረው ልዩነት ግን በረጅሙ ክንድ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ነው። የኔ ገላ ቀላል ነው። ዌንጌና ቡቢንጋ ብሰካበት በማንገቻ ቆሜ እጄን በለቀቅኩ ቁጥር የጊታሩ ራስ (ክሮቹ የሚጠመዘዙበት የአንገቱ ጫፍ) ወደ መሬት ይወርድ ነበር፣ ግራ እጄም ከመጫወት ይልቅ ተሸካሚ ይሆን ነበር። ዌንጌ መጥፎ እንጨት አይደለም። ከባድ ገላ ላለው ቤዝ ጊታር እኔም ዛሬ እመርጠዋለሁ፤ ቫርኒሽ ሳይቀባ በዘይት ብቻ መኖር ይችላል፣ እጅ ላይም አይጣበቅም። ሲላግ ግን ስንጥሩ ክፉ ነው። አዛውንቱ ሌባ ጣታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ።

እንደ ጥንቶቹ ጊታሮች አንድ ወጥ ማሆጋኒ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኩ። ማሆጋኒ ከደረቀ በኋላ ከሜፕል ያነሰ ያብጣል፣ ያነሰ ይኮማተራል፤ ለመቅረጽም ገር ነው። ችግሩ የጊታሩ ራስ ላይ ነው። ጊብሰን የተባለው የጊታር ኩባንያ የሚሠራው ዓይነት ራስ 17 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያጋደለ ስለሆነ፣ ከአንድ ወጥ ግንድ ሲቆረጥ የእንጨቱ መስመር እዚያ ቦታ ላይ ተቆርጦ ያጥራል። ጊታሩ ከማስቀመጫው ቢወድቅ የሚሰበረው እዚያው ነው። መድኃኒቱ ራሱን ለብቻ ቆርጦ በሰያፍ ማጣበቅ፣ ከበስተኋላም ትንሽ ጉብታ መተው ነው። እኔ ግን አጋዳይ ራስ አልፈለግኩም፣ በዚያው ተዘጋ።

የተስማማንበት ይህ ነው። መካከሉ 18 ሚሊሜትር ሜፕል፣ ግራና ቀኙ አምስት አምስት ሚሊሜትር ዋልነት፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ 16 ሚሊሜትር ሜፕል፤ ድምር 60። የክሮቹን ጉተታ የሚቋቋመው፣ የሚስተካከለው የብረት ዘንግ በመካከለኛው ሜፕል በተቦረቦረ ቦይ ይገባል፤ ቦዩ የኮላውን መጋጠሚያ አይነካም። ሁለቱ የዳር ሜፕሎች ከአንድ ጣውላ ጎን ለጎን የተሰነጠቁ ናቸው። አንዱን እንደ መጽሐፍ ገጽ ገለበጡት። አንደኛው ወደ ቀኝ መጠምዘዝ ቢያምረው ሌላው ወደ ግራ ስለሚጎትት ይያያዛሉ። ዋልነቱ ለጌጥም ጭምር ነው፣ አልዋሽም። ግን ከሜፕል ይቀላል፣ ኮላም በደንብ ይይዛል። እንዲያውም ጥቁር መስመር በሜፕል አንገት ጀርባ ላይ ስናይ ጌጥ የሚመስለን ብዙ ጊዜ የሥራ ምልክት ነው። ፌንደር የተባለው የጊታር ኩባንያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአንድ ወጥ ሜፕል በሚሠራቸው አንገቶች ላይ የብረቱን ዘንግ ከኋላ አስገብቶ ቦዩን የሚደፍነው በዋልነት ቁራጭ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሜፕሉን ለመግዛት መጀመሪያ የሄድኩበት እንጨት ሻጭ፣ ስሙን አልጠራም፣ ጣውላው ሁለት ዓመት የደረቀ ነው ብሎ ማለልኝ። መስመሩም ሲታይ ቀጥ ያለ ነበር። አዛውንቱ የእርጥበት መለኪያቸውን ሁለት መርፌ ሲሰኩበት 14 በመቶ አሳየ። ለአንገት የሚፈለገው ከ6 እስከ 8 ነው። በዚያ ላይ በጎኑ ሲያዩት የዕድገት ቀለበቶቹ ለጥ ብለው ተኝተዋል፤ ለአንድ ወጥ አንገት ቀለበቶቹ ቀጥ ብለው ቢቆሙ ይሻላል፣ ስፋቱ ሲለዋወጥ ጉዳቱ ያንሳልና። በአራተኛው ቀን ጣውላው እንደ ቦይ ጎበጠ። ሻጩ ዘንድ ስመለስ፣ «እንጨት ነውና ይጎብጣል» አለኝ። ገንዘቤን አልመለሰም፣ አልለወጠልኝምም። ምክሬ አጭር ነው፦ መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ መለኪያ እንዲያስገባ የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ከበሩ ተመለሱ። የኔ አንገት የተሠራው አዛውንቱ ግድግዳቸው ላይ ለዓመታት ካቆሙት ሜፕል ነው።

እሳቸውም ቸኩለው አልሠሩትም። ግንዱን በግምት ቆረጡ፣ ሳምንት አሳረፉት፣ ላጉት፣ እንደገና አሳረፉት። እኔ በየሦስት ቀኑ እየሄድኩ ስጠይቅ፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ?» ስል፣ «እሱን ጠይቀው» እያሉ ወደ ጣውላው ይጠቁሙ ነበር። ያበሳጫል። መጨረሻ ላይ ግን ቀጥ ያለ ብረት አንገቱ ላይ አሳርፌ በብርሃን ሳየው ከሥሩ አንዳች ጭላንጭል አልወጣም። ስድስቱ ክሮች ሲወጠሩ በድምሩ 46 ኪሎ ያህል ይጎትታሉ፤ ይህ ሁሉ ማረፍ ለዚያ ቀን ነው።

የድምፁን ነገር ሳልጠይቅ አልቀረሁም። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ፣ ከክሮቹ ሥር ያለው ማግኔታዊ ድምፅ ተቀባይ፣ የሚሰማው የብረት ክሩን እንቅስቃሴ እንጂ የእንጨቱን ድምፅ አይደለም። ስለዚህ እንጨቱ የሚናገረው በክሩ በኩል ነው፤ አንገቱ የሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ከአንዱ ኖታ ጋር ሲገጥም ከክሩ ጉልበት ይሰርቃል፣ ኖታውም ቶሎ ይሞታል። በብዙ የቤዝ ጊታሮች ላይ በቀጭኑ ክር ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት (የጣት ሰሌዳው ላይ የተተከሉት የብረት መስመሮች) አካባቢ የሚሰማው ሙት ቦታ ከዚህ የመጣ ነው። ግትር አንገት ቦታውን ያዛውረዋል ወይም ያለዝበዋል። «ጥቁር» እና «ሞቃት» ብዬ የጻፍኩትን ወረቀት በዚያው የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ለጣት ሰሌዳው ሮዝውድና ኢቦኒ ቀርበው ነበር። ሮዝውድ ዘይት ስላለበት ከኮላው በፊት በአሴቶን ይጠረጋል። ተራፊውን የሮዝውድ ቁራጭ ለሌላ ሥራ ይዤው ልሂድ ብዬም ነበር፤ ዕቃ ላኪው ከለከለኝ፣ ልክ ነበር። የሮዝውድ ዝርያዎች በሙሉ ከጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ከኅዳር 2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተሠርተው ያለቁ መሣሪያዎች፣ ከብራዚሉ ሮዝውድ በቀር፣ ከፈቃድ ነፃ ሆነዋል፤ ጥሬ ጣውላ ግን አይደለም። ኢቦኒውን መረጥኩ። አዛውንቱ ኢቦኒ ዘግይቶ እንደሚደርቅና በስፋቱ እንደሚኮማተር ነግረውኝ፣ ሰሌዳው ሌላ ወር ቢቆይ ይሻላል ብለው ነበር። የአውሮፕላን ቲኬቴ አይጠብቅም አልኩ።

ጉድለታቸውን አልሸፍንም። ስልክ አያነሡም፣ ቀነ ቀጠሮ አይሰጡም፣ ሙሉ ክፍያውን ከፍዬም ደረሰኝ ያገኘሁት በሦስተኛው ጥያቄ ነው። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ በሚያርፉበት ቁራጭ ላይ የወፍራሙ ክር ጥርስም ከሚገባው በላይ ጠልቆ ክሩ ይንጫጫ ነበር፤ እዚያው ፊቴ አውልቀው ሌላ ቀረጹልኝ።

ወደምኖርበት ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ብርዱ ገብቶ የቤት ማሞቂያው ሲጀመር አየሩ ደረቀ፣ የብረቱን ዘንግ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ትንሽ አላላሁት፤ አንገቱ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ኢቦኒው ግን በስፋቱ ተኮማትሮ የፍሬቶቹ ጫፍ በጎን ብቅ ብቅ አሉ፣ እጄን ሳንሸራትት ይቧጭሩኛል። ፎቶግራፍ አንሥቼ ላክሁላቸው። ስልክ የማያነሡት ሰውዬ በአምስት ደቂቃ መለሱ፦ «ሞረድ አለህ?»