ለፕሮግራሚንግ መምህርቴ ምስጋና፣ ሐዋሳ ላላችሁ ተማሪዎችም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ውስጥ በኮሌጅም ሆነ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ትምህርት ጀምራችሁ ግራ ለተጋባችሁ፣ በተለይም እንደ እኔ ቀን እየሠራችሁ ማታ ለምትማሩ ሰዎች ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በአደባባይ ላመሰግናቸው የሚገቡ አንዲት መምህርት አሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስላሳሰቡኝ «መምህርት» ብቻ እያልሁ እቀጥላለሁ። የሚፈልጋቸው ሰው እንዴት እንደሚያገኛቸው መጨረሻ ላይ እገልጻለሁ።

እኔ በአንድ የግንባታ ዕቃዎች መደብር የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ። የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ ስወስድ ያገኘሁት ውጤት ኤፍ ነበር። ሰነፍ ስለነበርሁ ነው ብዬ አላምንም፤ ሀንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር ሸምድጄው ነበርና። ክፍል ውስጥ ኮድ በፕሮጀክተር ይበራል፣ እኛ በደብተራችን እንገለብጣለን፣ አስተማሪው መስመር በመስመር ያነብልናል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ገጽ ይታለፋል። ስለ ሉፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ ስለማስፈጸም) የሚጠየቀውን ትርጉም በቃሌ እወጣው ነበር፤ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች ደምር ስባል ግን እጄ ኪቦርዱ ላይ ይቀራል። ፕሮግራምን እንደ እውኑ ዓለም ዕቃዎች ከፋፍሎ ስለ መሥራት፣ ስለ ኦብጀክት ኦሪየንትድ፣ ደግሞ የማውቀው አራት የእንግሊዝኛ ቃላትን ነበር፤ ኢንካፕሱሌሽን፣ አብስትራክሽን፣ ኢንሄሪታንስ፣ ፖሊሞርፊዝም፤ እነርሱንም በፈተና ወረቀት ላይ ከማስፈር በቀር ምን እንደሚሠሩ አላውቅም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ወደ መምህርት የሄድሁት ለመማር አልነበረም። በክፍያ ፕሮጀክት የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ እርሳቸውም ከእነዚያ አንዷ መስለውኝ ኮርሱን ስደግም ለሚታዘዝብኝ ፕሮጀክት ዋጋ ልጠይቅ ነበር አካሄዴ። ጥያቄዬን ከሰሙ በኋላ አልተቆጡም፣ አልመከሩኝምም፤ ብቻ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ስልኬን አየሁ፣ 3፡00 ይላል። «ዘጠኝ ሰዓት» አልኋቸው። «ስልክህ ሦስት እያለ አንተ ዘጠኝ ያልኸው ምን ሠርተህ ነው?» ሲሉኝ፣ ስድስት ደምሬ እንደሆነ ነገርኋቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝና የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ለማያውቅ፣ የተጻፈለትን ብቻ ለሚፈጽም ልጅ መመሪያ እንድጽፍ አዘዙኝ።

«ስልኩ ላይ ባለው ሰዓት 6 ደምር» ብዬ ጻፍሁ። «ስልኩ 10 ቢልስ?» አሉኝ። 16 ሊሆን ነው። ስለዚህ ከሥሩ «ድምሩ 12 ከደረሰ 12 ቀንስ» የሚል ጨመርሁ። አሥሩ አራት ሆነ፤ ደስ አለኝ። «ስልኩ 6 ሲልስ?» አሉኝ። ስድስትና ስድስት አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት ደርሷልና አሥራ ሁለት ስቀንስ ዜሮ። «ዜሮ ሰዓት የሚባል ሰዓት የት አገር አለ?» ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። «ከደረሰ» የሚለውን ሰርዤ «ከበለጠ» አልሁት፤ ከዚያም ከ1 እስከ 12 ያሉትን በሙሉ አንድ በአንድ ስሞክር ሁሉም ልክ መጡ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር የተቀመጥሁበትን የ«ኢፍ» (የ«ከሆነ») ትምህርትና በ«ይበልጣል» እና በ«ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ምልክቶች መካከል ያለውን ልዩነት የተረዳሁት በዚያች ሩብ ሰዓት ነው። ስለ ፕሮጀክቱ ክፍያ ዳግመኛ አላነሣሁም፤ ለቅዳሜ ክፍል ተመዝግቤ ወጣሁ።

የሚያስተምሩት መናኸሪያ አካባቢ በተከራዩት አንድ ክፍል ሲሆን፣ በአንድ ዙር ከአሥር ተማሪ በላይ አይቀበሉም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላፕቶፕ መክፈት ክልክል ነው። ይህ ብዙዎቻችንን አስቆጥቶን ነበር፤ ኮምፒውተር ልንማር ከፍለን መጥተን እርሳስ መቅረጽ ምን ይባላል? ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መምህርት እያንዳንዱን ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዘውን ስም) ለየራሱ ዓምድ ሰጥተን ሠንጠረዥ እንድናሰምር ያደርጉናል፤ ከዚያም እያንዳንዱ መስመር ሲፈጸም ዋጋው ምን እንደሚሆን በእጃችን እንሞላለን። ቆጣሪውን መጨመር የረሳ ተማሪ ሉፑ እንደማያልቅ ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል፤ ሠንጠረዡ ወረቀቱን ጨርሶ ወደ ጀርባው ሲዞር ያየዋልና። መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም፤ ይህም በእኛ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን የነገሩን አንድ ነገር ልቤን አሳርፎልኛል። ኮራዶ ቦም እና ጁዜፔ ያኮፒኒ የተባሉ ሁለት ጣሊያናውያን በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ ማንኛውም የፕሮግራም ሎጂክ ከሦስት ነገሮች ሊገነባ እንደሚችል አሳይተዋል፤ እነርሱም ቅደም ተከተል፣ ምርጫ እና ድግግሞሽ ናቸው። መምህርት ይህን ከነገሩን በኋላ ሌላ አራተኛ ነገር ይመጣል ብለን እንዳንፈራ አደረጉን። ሀንድአውቴ ሌላውን ሁሉ ይዞ ይህችን ብቻ ሳይናገር ማለፉ እስካሁን ይገርመኛል።

ከሁሉም ይበልጥ የማስታውሰው ግን የማካፈልና የቀሪ ትምህርታቸውን ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ክፍልፋዩ ተቆርጦ ይጣላል፤ 7 ለ2 ሲካፈል 3 ነው እንጂ 3.5 አይደለም። ይህን ኮሌጅ ውስጥ ስሰማው የኮምፒውተሩ ጉድለት መስሎኝ ነበር። መምህርት ግን ከመካከላችን ዲያቆን የሆነውን ልጅ አስነሥተው ባሕረ ሐሳብ እንዲያሰላልን ጠየቁት። ልጁ የ2017ን መስከረም አንድ ያዘ። 5500 ደመረበት፣ ዓመተ ዓለሙ 7517 መጣ። ለ4 ሲያካፍለው 1879 ደርሶ 1 ተረፈ፤ የተረፈው 1 ስለሆነ ዘመኑ ማቴዎስ ነው አለ። ከዚያ 1879ኙን፣ እርሱ መጠነ ራብዒት ያለውን፣ ከ7517 ጋር ደምሮ 9396 አገኘ፤ በ7 ሲገድፈው 2 ቀረ። አንድ ቢቀር ማክሰኞ፣ ሁለት ቢቀር ረቡዕ፤ ስለዚህ ዓመቱ ረቡዕ ይብታል። ስልካችንን አውጥተን አየን፣ ረቡዕ ነበር።

መምህርት ሰሌዳው ላይ 1879.25 ብለው ጽፈው «ይህን ሩብ ምን አደረግኸው?» አሉት። «ተውሁት፣ አይቆጠርም» አላቸው። እንግዲህ ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለ4 ሲካፈል የሚደርሰውን በማካፈያው ምልክት፣ የሚተርፈውን ደግሞ በመቶኛ ምልክት እንጠይቀዋለን። ቫሪያብሉን ባለ ነጥብ ቁጥር አድርጎ ያወጀ አንድ ተማሪ ኋላ ላይ ፕሮግራሙ አልነሣ ሲለው፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የቀሪው ምልክት ሙሉ ቁጥር እንጂ ባለ ነጥብ ቁጥር እንደማይቀበል በዚያው ተረዳን። የዚያን ሳምንት የቤት ሥራችን ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን የሚናገር ፕሮግራም ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነውና 6 ትሆናለች። 2015ን አስገብቼ 6 ሲለኝ ቤት ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብሁ።

ወደ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ስንገባ አራቱን ቃላት ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለሦስት ክፍለ ጊዜ አንዱም አልተነሣም። የጀመሩት ከታሪኩ ነው። ኦሌ ዮሐን ዳል እና ክሪስተን ኒጋርድ የተባሉ ኖርዌያውያን በኦስሎ ከተማ ሲሙላ 67 የተባለውን ቋንቋ ያበጁት የእውኑን ዓለም ሥራ በኮምፒውተር አስመስለው ለማጥናት ስለፈለጉ ነበር፤ ክላስና ኦብጀክት የመጡት ከዚያ ነው፣ ዛሬ የምንማራቸው ሲ ፕላስ ፕላስና በ1995 የወጣው ጃቫም የዚያው ውርስ አላቸው። ታሪኩን በዚህ አሳጥረው «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ንብረት ክፍል መሆኔን ስነግራቸው «ቢን ካርድ ትሞላለህ?» አሉኝ። በሚቀጥለው ቀን አንድ ያልተሞላና ሦስት የተሞሉ ካርዶች ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ።

ንብረት ክፍል ሠርታችሁ ለማታውቁ፣ ቢን ካርድ ማለት እያንዳንዱ ዕቃ ባለበት መደርደሪያ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ነው፤ የዕቃው ስም፣ መለኪያው፣ ገቢው፣ ወጪውና ከወጪ ቀሪው ይጻፍበታል። መምህርት ባዶውን ካርድ ሰሌዳው ላይ ለጥፈው «ይህ ክላስ ነው» አሉ። የሚስማሩን፣ የቀለሙንና የሲሚንቶውን ካርዶች ከሥሩ ደርድረው «እነዚህ ኦብጀክቶች ናቸው» አሉ። ከዚያም ላጲስ አውጥተው የሚስማሩን ቀሪ ሊያጠፉ ሲሉ ደንግጬ እጃቸውን ያዝሁ፤ ለካ የፈለጉት ይህንኑ ኖሯል። «ለምን ከለከልኸኝ?» አሉኝ። ቀሪ በላጲስ አይነካም፤ የገቢ ወይም የወጪ ደረሰኝ ሲመጣ ብቻ ነው የሚለወጠው፤ ካለው በላይ ወጪ የሚጠይቅ ሰውም ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን በአፌ ስናገር ኢንካፕሱሌሽን የሚባለውን እያስረዳሁ እንደነበር የነገሩኝ ንግግሬን ከጨረስሁ በኋላ ነው። ቀሪው ፕራይቬት (ከውጭ የማይነካ) ነው፣ ገቢና ወጪ ሜተዶች (ኦብጀክቱ የሚፈጽማቸው ሥራዎች) ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሠራሁትን ነገር ፈተና ላይ ወድቄበት እንደነበር ሳስበው ሳቄም እልሄም አንድ ላይ መጡ።

ስህተቴን ደግሞ ልናገር። ስለ ኢንሄሪታንስ (አንዱ ክላስ ከሌላው ስለመውረሱ) ከተማርን በኋላ በተሰጠን ሥራ ላይ ሚስማር ከመጋዘን እንዲወርስ አድርጌ ጻፍሁ፤ ሚስማር የሚኖረው መጋዘን ውስጥ ነውና። መምህርት አንድ ጥያቄ ብቻ ከኮዱ ጎን ጽፈው መለሱልኝ፤ «ሚስማር መጋዘን ነው?» ይላል። «ነው» የሚያስኬድ ከሆነ ብቻ ይወርሳል፤ «አለው» የሚያስኬድ ከሆነ አንዱ ሌላውን በውስጡ ይይዛል። መጋዘን ሚስማር አለው፣ ሲሚንቶ ግን የሚበላሽ ዕቃ ነው። ስለዚህ ለሚበላሽ ዕቃ ከተራው ካርድ የሚወርስና የገባበትን ቀን የሚጨምር ሌላ ካርድ ሠራሁ፤ ለሁሉም ካርድ «ወጪ» የሚል አንድ ትእዛዝ ሲተላለፍ ሚስማሩ ዝም ብሎ ይቀንሳል፣ ሲሚንቶው ግን ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ያደርጋል። አራተኛው ቃል፣ ፖሊሞርፊዝም፣ በዚህ መንገድ ሳላስበው ገባ።

ጥቆማ ነውና የማይመቸውንም መደበቅ አይገባኝም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ብየዳ ቤት ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ከኋላ የተቀመጠ ሰው ግማሹን አይሰማም፤ ቀድማችሁ ገብታችሁ ፊት ተቀመጡ። ካረፈዳችሁ እስከ ዕረፍት ሰዓት ውጭ ትጠብቃላችሁ፤ ባጃጅ አጣሁ ማለት አይሠራም፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ለሆነበት ሰውም አልመክራቸውም፤ ቶሎ የሚያሸመድድ ፈልጋችሁ ከሆነ አዝጋሚ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ዌብሳይትም ሆነ የስልክ መተግበሪያ መሥራትን አያስተምሩም። ፕሮጀክት እንዲሠሩላችሁ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚጠብቃችሁ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ኮርሱን ደግሜ በቢ ፕላስ አልፌዋለሁ፤ ቀጥሎ የመጣውን የጃቫ ኮርስም እንዲሁ። ለመደብራችን የጻፍኋት ትንሽ ፕሮግራም አሁንም ከቢን ካርዱ ጎን ለጎን ትሠራለች፤ አለቃዬ ወረቀቱን እንድተው አልፈቀደልኝም፣ በዚህም አልፈርድበትም። መምህርት፣ ይህን ካነበቡት፣ ያን ዕለት ዋጋ ልጠይቅዎ መጥቼ ሰዓት ስለጠየቁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አዲሱ ዙር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል፤ ክፍያው በየወሩ ሲሆን፣ ለቸገረው ተማሪ በሁለት ከፍለው ይቀበላሉ። መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እኔ አስቀድሜ እነግራቸውና እርሳቸው ይደውሉላችኋል። ስትመጡ ባለ መስመር ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ያዙ፤ ላፕቶፑን ለሦስተኛው ሳምንት።